የአንድ ተመራማሪ ተጽዕኖ በምን ይለካ? ጎንደር ላሉ መምህራንና ተመራማሪዎች የመለኪያዎች ንጽጽር

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሲያመለክት፣ ለውጭ የምርምር ገንዘብ ሲወዳደር፣ ወይም አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚመራለት አማካሪ ሲመርጥ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ የዚህ ሰው ሥራ ምን ያህል ተጠቅሷል? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ኮምፒውተር ከፍቶ ስም መጻፍ ነው። ነገር ግን ያው ሰው በዚያው ዕለት ኤች ኢንዴክሱ (የጽሑፎችን ብዛትና የተጠቀሱበትን መጠን አጣምሮ የሚለካው ቁጥር) ጉግል ስኮላር ላይ 14፣ ስኮፐስ ላይ 9፣ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ላይ 7 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እነዚህ አንድ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥሩ የመረጃ ቋቶች ናቸው፤ ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው አንዱ አመልካች የጉግል ስኮላሩን፣ ሌላው የስኮፐሱን ይዞ ሲቀርብና ኮሚቴው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያወዳድር ነው። በተለያየ ቁና የተሰፈረ ጤፍ ላይ ዋጋ እንደ መቁረጥ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ለአንድ ሰው ከአንድ የታወቀ ምንጭ የተወሰዱ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ እነሱም ተመራማሪው በጽሑፉ ውስጥ ምን ድርሻ እንደነበረውና ሥራው ምን እንደለወጠ ከሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ጋር መቅረብ አለባቸው። የጆርናል ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር፣ ግን ለሰው መመዘኛ ሊሆን አይገባም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን አቋም የያዝሁበት ምክንያት ነው።

ከየት ይቆጠር?

ጉግል ስኮላር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 ነው፤ ተመራማሪዎች የራሳቸውን ገጽ መክፈት የቻሉት ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ስፋቱ ነው። የጆርናል ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ፣ የጉባኤ ጽሑፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የድርጅት ሪፖርት ሁሉ ይገባበታል። በታሪክ፣ በቋንቋ ወይም በሕግ ለሚሠራ የዩኒቨርሲቲው የማራኪ ግቢ መምህር ከሥራው አብዛኛው የሚታየው እዚህ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክፍያም የለውም። ድክመቱ የሚመነጨው ከዚያው ስፋት ነው፤ በሩ ላይ የቆመ መርማሪ የለም። አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ በስም መመሳሰል ገጽዎ ላይ ሊገባ ይችላል፤ ቁጥሩን ሆን ብሎ ማሳበጥም ከባድ አይደለም። ስለዚህ ገጹን የከፈተ ሰው ዝርዝሩን በየጊዜው ማጽዳት ግዴታው ነው። የእኔ ያልሆነ ሥራ በስሜ ሲቆጠር እያየሁ ዝም ካልሁ ሐሰተኛ ማስረጃ እንዳቀረብሁ ይቆጠራል።

ስኮፐስም የተጀመረው በዚያው በ2004 ነው፤ ባለቤቱ ኤልሰቪየር የተባለው አሳታሚ ነው። ጆርናሎችን የሚመርጥ ቦርድ ስላለው የሚቆጥረው ጠበብ ያለና ንጹሕ ነው። ሙሉ አገልግሎቱ በክፍያ ቢሆንም የአንድን ጸሐፊ ገጽ ፈልጎ ኤች ኢንዴክሱን ማየት ግን በነጻ ይቻላል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው። የውጭ ገንዘብ ሰጪዎችና የዩኒቨርሲቲ ደረጃ አውጪዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ይህን ወይም ዌብ ኦፍ ሳይንስን ነው። ጉድለቱ የአገር ውስጥ ጆርናሎችን በብዛት አለመያዙ ነው፤ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍማ ከቁጥር አይገባም። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ስኮፐስ የጥራት ጥያቄ ያስነሱ ጆርናሎችን መመዝገብ ያቆማል። ጓደኛዎ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያሳተመበት ጆርናል ዛሬ በዝርዝሩ ውስጥ ላይኖር ስለሚችል ጽሑፍዎን ከመላክዎ በፊት አሁን ያለበትን ሁኔታ ያረጋግጡ።

ዌብ ኦፍ ሳይንስ ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጠው ነው። መነሻው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው የሳይንስ ሳይቴሽን (የጽሑፎች መጠቀስ) ማውጫ ሲሆን ዛሬ የሚያስተዳድረው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ነው። ምርጫው ጥብቅ፣ ክፍያውም ውድ ነው። ጠያቂው ስሙን ጠርቶ ካልጠየቀዎት በስተቀር ጎንደር ላይ ሆነው በዚህ አይጨነቁ።

ከእነዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው ኦፕን አሌክስ አለ። መረጃው ሙሉ በሙሉ ነጻ ስለሆነ አንድ የምርምር ዳይሬክቶሬት ወይም ቤተ መጻሕፍት የመላ ዩኒቨርሲቲውን ኅትመት መቁጠር ቢፈልግ ያለ ክፍያ የሚያገኘው ሰፊ ምንጭ እሱ ነው። ለግለሰብ ግን ገና ብዙ መጽዳት የሚያስፈልገው ነው።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ ስኮፐስ ዋና፣ ጉግል ስኮላር ተጨማሪ ይሁን። በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብአዊ ጥናቶች ደግሞ ጉግል ስኮላር ይቅደም፤ ከእሱ ጋር በእጅ የተዘጋጀ ሙሉ የኅትመት ዝርዝር ይያያዝ። በአንድ ውድድር ውስጥ ግን ሁሉም አመልካቾች ከአንድ ምንጭ ይቆጠሩ።

ከመለኪያው በፊት ስምን ማስተካከል

ይህ ክፍል ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከማንኛውም የሒሳብ ቀመር ይበልጣል። እነዚህ የመረጃ ቋቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ የራሳችን ስም፣ የአባትና የአያት ስም አለን እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ ሥርዓቱ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ስም ወስዶ የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። አንዱ ጆርናል ሁለት ስም ጠይቆ በአባት ስም ይመዘግበዎታል፤ ሌላው ሦስት ጠይቆ በአያት። በዚያ ላይ የላቲን አጻጻፉ አለ። ጸጋዬ የሚለው ስም መነሻው በሁለት፣ መድረሻው ደግሞ በሌላ ሁለት መንገድ ይጻፋል። ገብረሥላሴ፣ ወልደማርያም፣ ኃይለሚካኤል የሚሉት አንዴ ተገጥመው፣ አንዴ ተለያይተው፣ አንዴ በሰረዝ ተያይዘው ይገኛሉ።

ውጤቱ ምንድን ነው? አንድ ሰው ስኮፐስ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይቀመጣል። የአንደኛው ገጽ ኤች ኢንዴክስ 4፣ የሌላው 4 ይሆንና ሲዋሐዱ 6 ወይም 7 ሊሆን የሚችለው ሰው በ4 ይቀርባል። የተገላቢጦሹም አለ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት መምህራን እንደ አንድ ሰው ተቆጥረው የአንዱ ድካም ለሌላው ይጻፋል። ስሞቻችን ስለሚደጋገሙ ይህ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም።

መፍትሔው በእጅ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ስም ቢለዋወጥ ቁጥሩ አይለወጥም። መለያውን ዛሬውኑ ያውጡ፤ ጽሑፍ በላኩ ቁጥርም ያስገቡት። ስምዎ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን አንድ መንገድ ይምረጡና ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አይለውጡት። ስኮፐስ ላይ የተበታተኑ ገጾች ካሉዎት እንዲዋሐዱ ይጠይቁ፤ ጥያቄው በነጻ ይስተናገዳል። የመጀመሪያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጅ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አማካሪው ስለ ዘዴና ስለ ናሙና የሚነግረውን ያህል ስለዚህም ቢነግረው የብዙ ዓመት ችግር ያስቀርለታል።

በዚሁ ሳልጠቅሰው የማላልፈው የዘመን አቆጣጠር ነገር ነው። በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ብቻ የተጻፈ የአገር ውስጥ ኅትመት በጉግል ስኮላር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተጎትቶ ሊመዘገብ ይችላል። በቅርብ ዓመታት ኅትመት ላይ ብቻ የተመሠረተ ግምገማ ሲደረግ ያ ሥራ ከቁጥር ይወጣል። ሁለቱንም ዓመት መጻፍ ይሻላል።

ምን ይቆጠር?

የጽሑፎች ብዛት ሁሉም የሚገባው መለኪያ ነው፤ ሥራ መሠራቱን ያሳያል። በዚህ ብቻ ሲመዘን ግን ሰው አንዱን ጥናት በሦስት ቆራርጦ ማሳተም ይጀምራል። ጠቅላላ የሳይቴሽን ብዛትም የራሱ ችግር አለበት፤ አንድ ዕድለኛ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ነው በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪ የሆነው ሆርጌ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤች ኢንዴክስን ያቀረበው። አንድ ሰው ኤች ኢንዴክሱ 7 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 7 ጊዜ የተጠቀሱ 7 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው።

በምሳሌ እንየው። ስምንት ስምንት ጽሑፍ ያላቸው ሁለት መምህራን አሉ እንበል። የመጀመሪያዋ ጽሑፎች የተጠቀሱት 40፣ 22፣ 15፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3 እና 1 ጊዜ ነው። የሁለተኛው ደግሞ 8፣ 8፣ 7፣ 7፣ 7፣ 7፣ 7 እና 6 ጊዜ። እሷ በድምሩ 101 ጊዜ ተጠቅሳ ኤች ኢንዴክሷ 5 ነው። እሱ 57 ጊዜ ተጠቅሶ ኤች ኢንዴክሱ 7 ነው። ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ ጽሑፎችን በሚቆጥረው የጉግል ስኮላር አይ 10 ኢንዴክስ ስንመዝናቸው እሷ 3 ታገኛለች፤ እሱ ምንም አያገኝም። ማን ይበልጣል? መልሱ መለኪያውን በመረጠው ሰው እጅ ነው። መለኪያው አመልካቾች ከመታወቃቸው በፊት ተመርጦ ይለጠፍ የምለው ለዚህ ነው።

ኤች ኢንዴክስ ሌሎች ሦስት ጠባዮች አሉት። ከፍ እንጂ ዝቅ አይልም፤ ስለዚህ ጀማሪን ከአንጋፋ ጋር ማወዳደሪያ አይሆንም። ሂርሽ ራሱ ለዚህ ሲል ቁጥሩን ከመጀመሪያው ኅትመት ወዲህ ባሉት ዓመታት ማካፈልን አቅርቧል። ሁለተኛ፣ ከሙያ ሙያ ይለያያል። ሂርሽ በአሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት 12 ገደማ፣ ለፕሮፌሰርነት 18 ገደማ ሊሆን ይችላል ብሎ የጻፈው ለፊዚክስ ነው፤ ይህን ወስዶ በሒሳብ መምህር ወይም በግዕዝ ተመራማሪ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ አገር በተለይ የሚያሳስበው ነው፤ ጸሐፊዎቹ ሁለት ይሁኑ ሁለት መቶ ለኤች ኢንዴክስ ለውጥ የለውም። መቀመጫው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች የሚፈርሙባቸውና በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የሚጠቀሱ ጽሑፎችን ያወጣል። የኢትዮጵያ የጤና ተመራማሪዎችም በስፋት ተሳትፈውበታል። ተሳትፎው የሚያኮራ እንጂ የሚነቀፍ አይደለም፤ የአገራችን መረጃ በአገራችን ሰው ዓይን መታየቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚህ መንገድ ኤች ኢንዴክሱ 30 የደረሰ ወጣት፣ ከጎንደር በስተ ሰሜን ባለችው ዳባት ቤት ለቤት መረጃ አሰብስባ፣ ራሷ ተንትናና ራሷ ጽፋ 8 ላይ የቆመችውን ባልደረባውን በዚህ ቁጥር ይበልጣታል ማለት ፍትሕ አይደለም። እኔ የምመክረው ሁለት መስመር ማቅረብን ነው። አንዱ ሁሉንም ጽሑፎች፣ ሁለተኛው ተመራማሪው ቀዳሚ ጸሐፊ፣ የመጨረሻ ጸሐፊ ወይም ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው ጸሐፊ የሆነባቸውን ብቻ ይቁጠር። ሁለተኛው መስመር ስለ ሰውየው ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ሂርሽም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጽሑፍ ኤች ኢንዴክስ በጽኑ ሊሳሳትና ያልታሰበ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ማመኑን ገልጿል። የፈጠረው ሰው ይህን ካለ የእኛ ኮሚቴዎች የበለጠ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ቤልጅየማዊው ሊዮ ኤግ በ2006 ያቀረበው ጂ ኢንዴክስ ብዙ ለተጠቀሱ ጽሑፎች የበለጠ ክብደት ይሰጣል፤ ሆኖም የሚጠይቀው ስለሌለ ይለፉት።

ከልብ የምመክረው መለኪያ ግን በሙያ መስክ የተስተካከለው ነው። አንድን ጽሑፍ በዚያው መስክና በዚያው ዓመት ከወጡ ጽሑፎች አማካይ ጋር ያወዳድራል፤ 1.00 ማለት ከዓለም አማካይ ጋር እኩል ነው፣ 1.50 ደግሞ በግማሽ ይበልጣል። የስኮፐሱ ስሌት በክፍያ ነው። የጤና ተመራማሪ ከሆኑ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አይሳይት በተባለው ነጻ አገልግሎቱ ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች የመረጃ ቋት ለተመዘገቡ ጽሑፎች ተመሳሳይ ቁጥር ያወጣል። እዚያ 1.0 የሚባለው በተቋሙ ገንዘብ የተሠራ መካከለኛ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ከጎንደር የወጣ ጽሑፍ 0.8 ቢያገኝ ከማን ጋር እንደተወዳደረ ይታወስ። ጽሑፎቹ አምስት ስድስት ብቻ ከሆኑ ደግሞ አማካዩ በአንድ ጽሑፍ ምክንያት ስለሚዋዥቅ አይታመንም።

የጆርናሉ ቁጥር የጆርናሉ ነው

ኢምፓክት ፋክተር የሚሰላው እንዲህ ነው። አንድ ጆርናል በ2022 እና በ2023 በድምሩ 100 ጽሑፍ አወጣ፤ እነዚህ በ2024 በጠቅላላው 250 ጊዜ ተጠቀሱ፤ የ2024 ኢምፓክት ፋክተሩ 2.5 ይሆናል። ሳይትስኮር የተባለው የስኮፐስ ተመሳሳይ መለኪያ ደግሞ የአራት ዓመት ይቆጥራል። ሲማጎ የተባለው ነጻ ገጽ ጆርናሎችን በመስካቸው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ሩብ ይመድባል።

የት ላሳትም ብሎ ለሚያስብ ሰው እነዚህ ጠቃሚ ናቸው። በገንዘብ ብቻ የሚያሳትሙ አጭበርባሪ ጆርናሎች የሐሰት ኢምፓክት ፋክተር ስለሚለጥፉ ቁጥሩን ከጆርናሉ ገጽ ሳይሆን ከምንጩ ማየት ያስፈልጋል። በሦስት ቀን ተቀብለንዎታል የሚል መልስ ሲመጣ መጠርጠር ነው።

ሰውን በጆርናሉ ቁጥር መመዘን ግን ሌላ ነገር ነው። በአብዛኞቹ ጆርናሎች ጥቂት ጽሑፎች ብዙውን ሳይቴሽን ይወስዳሉ፤ የሚበዙት ከአማካዩ በታች ናቸው። ስለዚህ ጽሑፍዎ ከፍ ባለ ጆርናል ላይ ወጣ ማለት ተነበበ፣ ሌላው በአገር ውስጥ ጆርናል ወጣ ማለት አልተነበበም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ስለ ምርምር ምዘና የሚናገረው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ የጆርናል መለኪያ የግለሰብ ተመራማሪን አስተዋጽዖ ለመመዘን እንዳይውል የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩ የማያየው

በመተማና በሑመራ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የሚያጠቃው ካላዛር የተባለው በሽታ ለጎንደር የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ሕሙማኑ የሚታከሙት በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። ካላዛርና ኤች አይ ቪ አብረው ለያዟቸው ሰዎች ሊፖዞማል አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒት ሚልቴፎሲን ከተባለው ሌላ መድኃኒት ጋር እንዲሰጥ የተሞከረው በዚሁ ሆስፒታልና በአብደራፊ ከተማ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ሕክምናውን በመመሪያው ሲያካትት ከመነሻዎቹ አንዱ ያ ጥናት ነበር። እንግዲህ ካላዛር የሚያጠኑ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂት ስለሆኑ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንደ ስኳር በሽታ ጽሑፍ በሺህ አይጠቀስም። ነገር ግን በሽተኛ የሚድንበትን መንገድ ቀይሯል። የትኛውም ኢንዴክስ ይህን አይናገርም፤ በማመልከቻው ላይ በግልጽ መጻፍ ያለበት ተመራማሪው ራሱ ነው።

በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሉትን የብራና መጻሕፍት የሚያጠና ምሁርም እንዲሁ ነው። አንድን ገድል ከአራት ቅጂ አመሳክሮ ለማውጣት ዓመታት ይወስዳል፤ የሚጠቅሱት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሥራው ግን ሃምሳ ዓመት ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስለ ምርምር መለኪያዎች አጠቃቀም የሚናገረው የላይደን ማኒፌስቶ ከአሥሩ መርሆቹ በአንዱ አገር በቀል ጠቀሜታ ያለው ምርምር እንዲጠበቅ ይላል። ይህ መርሕ እንደ ጎንደር ላለ ከተማ የተጻፈ ያህል ነው።

እንደ ጉዳዩ መምረጥ

ለውጭ ገንዘብ የሚያመለክቱ ከሆነ የስኮፐስን ኤች ኢንዴክስ፣ ቁጥሩን የወሰዱበትን ቀን፣ በቀዳሚነት የጻፏቸውን ጽሑፎች ብዛትና በመመሪያ ወይም በአሠራር ላይ የታየ ለውጥ ካለ እሱን ያቅርቡ። ጠቅላላ የሳይቴሽን ብዛትን ብቻውን አያቅርቡ፤ ራስዎ ራስዎን የጠቀሱበትንም ለይተው ቢያሳዩ ይታመናሉ።

አማካሪ የሚፈልግ ተማሪ ኤች ኢንዴክስን ይተወው። የሚጠቅመው ያ መምህር ባለፉት አምስት ዓመታት ከተማሪዎቹ ጋር ያሳተማቸውን ጽሑፎች ማየት ነው፤ በተለይ ተማሪው ቀዳሚ ጸሐፊ ሆኖ መቅረቡን።

የትምህርት ክፍሎችን ለሚያወዳድር የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ በመስክ ያልተስተካከለ ቁጥር ምንም አያደርግለትም። ሕክምናን ከታሪክ፣ ኢንጂነሪንግን ከሕግ በጥሬ ሳይቴሽን ማወዳደር የሚጎዳው ሁልጊዜ ሳይቴሽን የሚያንስበትን መስክ ነው።

የደረጃ ዕድገት ኮሚቴዎች ደግሞ መመሪያቸው የሚጠይቀውን ቁጥር ይውሰዱ፤ ግን በዚያ አይቁሙ። እያንዳንዱ አመልካች የመረጣቸውን ሦስት ሥራዎችና በእያንዳንዱ ውስጥ የነበረውን ድርሻ የሚያስረዳ ግማሽ ገጽ እንዲያቀርብ ይጠይቁ። ሦስቱንም ሙሉ በሙሉ የሚያነብ፣ ከትምህርት ክፍሉ ውጭ የሆነ አንድ ገምጋሚ ይመደብ። ሥራው በአማርኛ ወይም በግዕዝ ከሆነ ገምጋሚው ያን ቋንቋ የሚያነብ ይሁን፤ የእንግሊዝኛው ማጠቃለያ አይበቃም።